ምነው ይቺኛዋ?

መንታዎቹን መጀመሪያ ያየኋቸው ጎንደር ውስጥ ከምሠራበት ሆስፒታል፣ የሕጻናት ክፍሉ ደረጃ ላይ ነው። ሰባት ዓመታቸው ነበር። አንደኛዋ አምስት ስድስቱን ደረጃ ሮጣ ወጣችና ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር ተመልሳ ወረደች። ሌላዋ ከታች ቆማ ትጠብቃታለች። እህቷ አጠገቧ ስትደርስ በአንድ እጇ ትከሻዋን ያዘች፣ በሌላው የራሷን ጉልበት ተጭና አንድ እግሯን አነሣች፤ ዐረፍ ብላ ሌላውን አነሣች። እናታቸው ከኋላ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ትከተላለች፤ ልትደግፋት ሳይሆን ብትወድቅ ልትቀበላት። ሁለቱም ጋሜ ተላጭተዋል፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል፣ መልካቸውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ደረጃ ሲወጡ ብቻ ነው የሚለዩት።

የጠራኝ የሕጻናት ሐኪሙ ነው፤ የቆየ ባልደረባዬ። «ቶሎ ነይ፤ ስትመኚው የኖርሽው ነገር መጥቷል» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ራሴ ሐኪም አይደለሁም። ሰው ዶክተር ይለኛል እንጂ ሥራዬ የዘረመል ምርምር ነው፤ ውሎዬ ከበሽተኛ ጋር ሳይሆን በትንንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ካለች ጠብታ ጋር ነው። ያን ቀን ግን ነጭ ጋወኔን እንደለበስሁ ወጥቼ፣ ደረጃው ራስ ላይ ቆሜ፣ ሁለቱ ልጆች እስኪደርሱ ድረስ ተመለከትኋቸው።

እናትየዋ ከዳባት በላይ፣ ወደ ስሜን ተራሮች አቅጣጫ ካለ የገብስ አገር ነው የመጣችው። ከእኔ ጋር እኩያ ሳትሆን አትቀርም፤ ፀሐይና ቁር ፊቷን አጥቁሮታል። ስትቀመጥ ሕመምተኛዋን ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሌላይቱን በክንዷ ሥር አስገባች። ታሪኩን ለሐኪሙ ነግራው ነበርና ለእኔም ደገመችልኝ።

«ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተ። መጀመሪያ መሮጥ እንቢ አለው፣ ቀጥሎ መነሣት እንቢ አለው፣ ጢም ሳያበቅል ቀበርነው። የበኸር ልጄም እንደሱ። እሱን ከቀበርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። በሽታው ወንድ ነው የሚይዘው ብለን፣ እኒህ ሴቶች ሲሆኑ እልል ብለን ነበር። ይኸው ይቺ ደግሞ ጀመራት።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«መልካቸው አንድ፣ የተኙበት ማኅፀን አንድ፣ የጠቡት ጡት አንድ። ምነው ይቺኛዋ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ። ከሐኪሙ ይልቅ፣ ምናልባት በዚያ ግቢ ካለ ሰው ሁሉ ይልቅ፣ መልሱን የማውቀው እኔ ነበርሁ። ዓመታት የፈጀሁት በዚሁ ላይ ነው።

ነገሩን ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ እንዲህ ነው የምለው። ሴት በሰውነቷ በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ኤክስ የሚባል ክሮሞዞም ሁለት አላት፤ አንዱ ከአባቷ፣ አንዱ ከእናቷ። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከእናቱ ይወስዳል። የሴቷ ሁለቱም ባንድ ላይ ቢሠሩ ለሕዋሱ ስለሚበዛበት፣ ጽንሱ ገና ከጤፍ ቅንጣት ሳይበልጥ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሁለቱ አንዱን ያስተኛዋል። የትኛው እንደሚተኛ የዕጣ ነገር ነው። አንዴ ከተኛ ግን አይነቃም፤ ከዚያ ሕዋስ የሚራቡትም ሁሉ ያንኑ እንዳስተኙ ይኖራሉ። ስለዚህ ሴት ሁሉ ቅልቅል ናት፤ ከፊሉ ገላዋ በአባቷ ኤክስ፣ ከፊሉ በእናቷ ይኖራል።

ጡንቻን የሚያጸናው ነገር የተጻፈው እዚሁ ኤክስ ላይ ነው። ጽሑፉ የተበላሸበት ኤክስ የደረሰው ወንድ ልጅ መተኪያ ስለሌለው ጡንቻው ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። ሴቷ ግን ጤነኛው በነቃባቸው ሕዋሶች ትተርፋለች፤ ብዙዎቹ ሕመሙን ተሸክመው ሳያውቁት ያረጃሉ። አልፎ አልፎ ዕጣው ወደ አንድ ወገን ያጋድልና ጤነኛው ኤክስ ሁሉም ቦታ ይተኛል። ያኔ ሴቷም እንደ ወንዱ ትወድቃለች። እኒህ ሁለት ልጆች ከአንድ ዕንቁላል የተከፈሉ ናቸው፤ የተጻፈባቸው ነገር ፊደል በፊደል አንድ ነው። የተለያዩት በዕጣው ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ መንታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። የዚያን ቀን የተሰማኝን ብደብቅ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ጭን ላይ ያለችውን ልጅ እያየሁ፣ ልቤ እንደ ሠርግ ቤት ደስ አለው።

ከሁለቱ ቀድማ የተወለደችው ጤነኛዋ ናት፤ ታላቂቱ እላታለሁ። ሕመምተኛዋን ታናሺቱ። መጀመሪያ ደም ወሰድሁላቸው፤ የሁለቱም ውጤት አንድ ዓይነት ሆነ። አልገረመኝም፤ መንታዎች አንድ እንግዴ ልጅ ሲጋሩ ደማቸው በማኅፀን ይቀላቀላል። ስለዚህ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት የጉንጫቸውን ውስጥ ጠረግሁ። ታናሺቱን ኮረኮራትና ሳቀች፤ ታላቂቱ ገና አፏን ሳትከፍት አብራት ሳቀች። ከዚህኛው ናሙና የወጣው ውጤት እንደጠረጠርሁት ነበር። በታናሺቱ ሕዋሶች ከሞላ ጎደል ሁሉ የተኛው ጤነኛው ኤክስ ነው፤ በታላቂቱ የተኛው የታመመው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ሄድሁ። አነበበውና መለሰልኝ።

«ሸጋ ነው» አለ። «አሁን ምን ልስጣት?»

የሚያድን መድኃኒት የለም። ጡንቻውን ለጥቂት ዓመታት የሚያቆይ ኪኒን አዘዘላት። በድንገት ከተቋረጠ እንደሚጎዳት ለእናትየዋ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገራት፤ እሷም ሦስት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች።

በዓመቱ መንደራቸው ሄድሁ። ውጤቱን ለቤተሰቡ ማስረዳት ግዴታዬ ነበር፤ አባታቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ቄስ ናቸውና ጎንደር ድረስ መምጣት አልተመቻቸውም። እስከ ዳባት በሚኒባስ ደረስሁ። ቄሱ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ፤ በቅሎዋን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው በእግራቸው ሦስት ሰዓት ያህል ከጎኔ ሄዱ። እኔም የደብር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከቅኔ ቤት አጥር ሥር ነውና ወሬያችን አልቸገረንም። ስለ ልጆቹ ግን መንገድ ላይ አንድም አላነሡ።

ቤታቸው በገብስ ማሳ መካከል ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝ። እናትየዋ ምድጃው አጠገብ፣ ታናሺቱ ከእኔ ጎን፣ ታላቂቱ በሩ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ እንዲወጡ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ውጭው ዶፍ ስለነበር ተውሁት። ያን መተዌን እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ለቄሱ ከላይ እንደጻፍሁት አድርጌ ነገርኋቸው። ሲሰሙ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር።

«ዕጣ ስትይ፣ ልጄ» አሉኝ ስጨርስ፣ «የሚጥለው ማነው?»

«ማንም አይጥለውም፣ አባቴ። እንዲያው ይሆናል።»

«እንዲያው የሚሆን ነገር አላውቅም። ማትያስ በይሁዳ ፈንታ የገባው በዕጣ ነው። ግን ጸሎት ተደርጎ ነው የተጣለ።»



«አልሟገትሽም» አሉ ቀጥለው። «ተምረሽ የመጣሽ ነሽ። አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ጤነኛው ተኝቷል አልሽ እንጂ የለም አላልሽም።»

«አለ። እውስጧ አለ። በያንዳንዱ ሕዋስ።»

«የተኛ ደግሞ ይቀሰቀሳል።»

ይህን ጥያቄ ከትልልቅ ፕሮፌሰሮች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልከበደኝም። ሥራችን ሁሉ ወደዚያ የሚሄድ ነው። ውጭ አገር ስማር በአይጥ ሕዋስ ላይ የተኛውን ኤክስ በመድኃኒት ጥቂት ጥቂት ለመቀስቀስ ሞክረናል። አንዳንዱ ነቅቷል፤ ብዙው አልነቃም፤ የነቃውም ያልተፈለገ ነገር አብሮ እየቀሰቀሰ አስቸግሯል። ይህንኑ ነገርኋቸው።

«በሰው ላይስ?»

«ገና ነው፣ አባቴ።»

«ገና ማለት ስንት ዓመት ነው?»

«አላውቅም።»

«ለእሷ ይደርሳል?»

ልጅቱ ከጎኔ ናት፤ ትከሻዋ ክንዴን ይነካኛል። አይመስለኝም አልሁ። እሳቸው ሰምተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ።

በመጨረሻ እናትየዋ ከምድጃው በኩል፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «በእኔ በኩል ነው የመጣ፣ አይደል?» አለች።

«በአንቺ በኩል ነው። ጥፋት ግን አይደለም። አንቺም ከእናትሽ ሳታውቂ ነው የወሰድሽው።»

«ወንድሜንም፣ ልጄንም፣ ይቺንም» አለች። ቁጥር እንደምታስተካክል ሰው ነው የተናገረችው። ቄሱ «ተይ እንጂ፤ እኔስ ከእናቴ ስንቱን ወሰድሁ» አሏት። ደግ ሰው ናቸው። ንግግራቸው ግን የደረሳት አይመስለኝም፤ ጀርባዋ እንደዚያው እንደቀና ቆየ። ማወቅ ያሳርፋል ብዬ ነበር የመጣሁት። ከዚያ በፊት ሦስቱም ሐዘኖቿ የእግዜር ነበሩ፤ ከእኔ መምጣት በኋላ የራሷ ሆኑ።

ዝናቡ አባርቶ ወደ ጓሮ ስወጣ ታላቂቱ ተከተለችኝ። የበጎች በረት አጠገብ ደርሳ ቀሚሴን ሳበችኝ።

«እትዬ፣ ጥሩዋን እኔ ወሰድሁባት?»

«ምኗን?»

«ያችን የምትነቃዋን።»

ተንበርክኬ ፊቷን ያዝሁና ማንም ከማንም እንዳልወሰደ፣ ሁለቱም ሁለቱንም እንዳላቸው፣ ያልፈለገችውና ያልመረጠችው ነገር እንደሆነ ነገርኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያም እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«እንግዲያ ከእኔ ቁረጡና ስጧት። እኔ ብዙ አለኝ።»

አይሆንም አልኋት። ያልነገርኋት፣ ሐሳቧ የልጅ ሐሳብ ብቻ አለመሆኑን ነው። ከጤነኛ መንታ ጡንቻ ወስዶ ለታመመችው መስጠት ሩቅ አገር ተሞክሯል፤ አንብቤዋለሁ። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

ልጆቹ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው አንድ ነገር አደረግሁ። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ውጭ አገር ያስተማሩኝ ሰው ጥናቱን አንብበው፣ የጉንጭ ሕዋስ እንደማይበቃና የሁለቱም ጡንቻ ቢታይ ነገሩ እንደሚጸና ጻፉልኝ። የታናሺቱ ናሙና ለምርመራ ተወስዶ ነበር፤ የጎደለው የጤነኛዋ ነው። ለራሴ ምክንያት አበጀሁ። ታላቂቱም ወደፊት ጡንቻዋ ይደክም እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማታል አልሁ። ሐሰት አይደለም፤ ደፍሬ እንድጠይቅ ያደረገኝ ግን እሱ አልነበረም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቀደ። እናትየዋ ቅጹ ተነበበላትና አሻራዋን አኖረች። «ለታናሽዋ መድኃኒት አይሆንም፤ ለጥናት ነው» ብዬ በግልጽ ነግሬያታለሁ። «አውቃለሁ፣ እቴ» አለችኝ። ስታየኝ ግን የምታውቅ አትመስልም ነበር።

ታላቂቱ አልጋው ላይ በራሷ ወጣች። ጭኗን አደንዝዘው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሥጋ ሲወስዱ አላለቀሰችም፤ ጣሪያውን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ቁስሉ ታሽጎ ሲያበቃ እያነከሰች ወደ መጠበቂያው ክፍል ሄደች። ታናሺቱ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ታላቂቱ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጉልበቷን ነካ ነካ አደረገችና ጠየቀቻት።

«እንዴት ነሽ? ቀለለሽ?»

ታናሺቱ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እህቷን አየች።

«ትንሽ ቀለለኝ» አለቻት።

ናሙናውን እኔ ነኝ ከቅዝቃዜው ክፍል ያስገባሁት። ወደ ውጭ አገር የሚላክበት ፈቃድ እስኪመጣ ዲፕ ፍሪዘሩ ውስጥ መቆየት ነበረበት። ፈቃዱ ሳይደርስ በከተማው ዙሪያ ተኩስ ተነሣ። መብራት ጠፋ። ሦስት ቀን ከቤት መውጣት አልተቻለም። ፍሪዘሩ ያለ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አውቃለሁ፣ ጄኔሬተሩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለም አውቃለሁ፤ መስኮቴን ዘግቼ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሰዓቱን ስቆጥር ዋልሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጭር ሲል ሮጬ ደረስሁ። በመንገዴ ካለ ሆቴል በረዶ ለመለመን ገብቼ ነበር፤ የእነሱም ቀልጦ ወለሉን እየወለወሉ አገኘኋቸው። የፍሪዘሩን ክዳን ስከፍት የቆመ ውኃ ሸተተኝ። ቱቦዋን አነሣኋት። ሳዘነብላት በውስጧ ያለው ወደ አንድ ጎን ፈሰሰ።

ያን ጊዜም አላለቀስሁም። ልጅቱ ጭን ላይ ያለውን ጠባሳ ብቻ አሰብሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዳባት የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም ተቋረጠ። አንድ ቀን ድንገት ጥሪ ገባልኝ፤ እናትየዋ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው። ስለ ናሙናው ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«እሱን ተይው፣ እቴ። ኪኒኑ አለቀ።»

«መቼ?»

«አምስት ሳምንቱ። እየከፈልሁ እየከፈልሁ፣ ግማሽ ግማሽ ስሰጣት ቆይቼ ነው። አሁን ግማሹም የለ።»

እየከፋፈለች መስጠቷ ምናልባት ከክፉ አድኗታል፤ በአንድ ጊዜ ብታቋርጥ የባሰ ይሆን ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን በዕለቱ ሰጠኝ። የሚወስድልኝ ሰው ግን አልተገኘም። መናኸሪያ ሄጄ በዳባት አልፈው ወደ አዲ አርቃይ የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠየቅሁ፤ ማኪናቸውን አቁመው ጠላ ቤት ነው የዋሉት። አንዱ «እህቴ፣ እኔ ራሴ ሚስቴን ካየሁ ሁለት ወር ሆኖኛል» አለኝ። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ዲያቆን በእግሩ ወደዚያ እንደሚሄድ ሰማሁ። ጥቅሉን ላስቲክ ደራርቤ አስሬ ሰጠሁት። ቦርሳው ውስጥ ከመጽሐፉ ጋር አኖረው። ይድረስ አይድረስ ሳላውቅ ክረምቱ አለፈ።

ደርሷል። ይህን ያወቅሁት መንገዱ ለተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ እዚያ ስሄድ ነው። ኪኒኑ ሲደርስ ግን ታናሺቱ መቆም ካቃታት ቆይቶ ነበር።

በዚህኛው ጉዞ ከሐኪሙ ጋር ሆነን ያፈላለግንላትን ባለጎማ ወንበር ይዤ ነበር የሄድሁ። እስከ ዳባት በማኪና ጣሪያ፣ ከዳባት በበቅሎ ጀርባ። መንደሩ ውስጥ አሥር እርምጃ የሚሆን ድንጋይ የሌለበት ቦታ የለም። ወንበሩ ግቢው ውስጥ ካለችው ጠፍጣፋ መሬት አላለፈም፤ በማግሥቱ ዶሮ ሰፍሮበት አየሁ። ልጅቱ የምትንቀሳቀሰው በእህቷ ጀርባ ነው። ታላቂቱ እንደ ሕጻን በጋቢ አዝላ፣ ሁለቱን እግሮቿን በክንዶቿ አቅፋ ትወስዳታለች፤ ወደ ደጅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ጅረቱ። አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሩቅ ሲመጡ አንድ ዓይነት ፊት አንዱ ከአንዱ በላይ ሆኖ ይታያል።

ታላቂቱ ትምህርቷን አቁማለች። «ምነው?» ብላት «ታዲያ ማን ያንቀሳቅሳታል?» አለችኝ። ቄሱ ሊያስገድዷት ሞክረው ነበር፤ በር ላይ ተቀምጣ አልሄድም አለቻቸው።

ከሰዓት ላይ ታናሺቱ ፀሐይ እየሞቀች ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ከጎኗ ሄጄ ተቀመጥሁ። እጆቿ ገና ጥሩ ናቸው። ስንዴ ትለቅም ነበር፤ ጠጠሩን እየወረወረች ቀና ሳትል ተናገረችኝ።

«እትዬ፣ ለምን ነገርሻት?»

«ምኑን?»

«እኔን የሚያመኝ እሷ በተረፈችበት ዕጣ መሆኑን።»

«እንዲያ አላልሁም። ማንም አልወሰደም ብዬ ነው የነገርኋት።»

«እሱን አልሰማችውም። እኔም ስንት ቀን ነገርኋት፤ አትሰማም። ሲደክማት እንኳን አታወርደኝም።» አንድ ጠጠር አንሥታ አየችውና ጣለችው። «አንድ አንድ ቀን እቆነጥጣታለሁ፤ ተቆጥታ እንድታወርደኝ። አትቆጣም።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። እሺ አለችኝ፤ እንግዳ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ልጅ እንደሚለው ያለ እሺ። አብሬያት ስንዴውን መልቀም ጀመርሁ። እኔ ያሳለፍሁትን ጠጠር ሁሉ እሷ እንደገና ታወጣዋለች።

ማታውን ታላቂቱን ከግቢ ውጭ አግኝቼ ልነግራት ሞከርሁ። በዚህ ጊዜ ሌላ መንገድ መረጥሁ፤ ስለ ክሮሞዞም ምንም አላነሣሁም። እህትሽ ትምህርት ቤት እንድትሄጂ ትፈልጋለች፣ ተምረሽ ማታ ማታ ለእሷ ታስተምሪያታለሽ አልኋት። ትንሽ አሰበች።

«ስመለስ ወድቃ ባገኛትስ?»

«እናትሽ አለች።»

«እምዬ ማሳ ላይ ናት።»

ያለችው ሁሉ ትክክል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በቅሎዋ ስትጫን እናትየዋ ከበሩ ላይ ጠርታ ወደ ጎተራው ኋላ ወሰደችኝ። በሶ በትንሽ ከረጢት ቋጥራልኝ ነበር፤ ሰጠችኝና እጄን አልለቀቀችውም።

«አንድ ነገር ንገሪኝ፣ እቴ። ትልቋ ጤነኛ ናት። ግን መንታ ናቸው። የተጻፈባቸው አንድ ነው ብለሻል።»

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ።

«ስትወልድስ?»

«የታመመውን ኤክስ እሷም ተሸክማዋለች» አልኋት። «በእሷ ላይ ተኝቶ ነው። ለልጅ ሲተላለፍ ግን እንደ አዲስ ይነቃል። ከምትወልዳቸው ወንዶች ሊተርፍም ሊታመምም የሚችለው እኩል በእኩል ነው።»

እጄን ያዘችበት ጣቷ ጠበቅ አለ።

«ለሰው ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«አትንገሪያት። አሁን አትንገሪያት። ይህንንም ከጨመርሽባት አታገባም፣ አትማርም፣ እህቷን እንዳዘለች ትቀራለች።»

«እሺ። ግን አንድ ቀን ማወቅ አለባት። ከማግባቷ በፊት።»

«ስንት ዓመት ሲሆናት ነው የሚነገር?»

መጻሕፍቱ ይህንን ዕድሜ ይጽፋሉ፤ መመሪያም አለ። ለእሷ አንድም አልጠቀስሁላት። የእኔ ንግግር በዚያ ቤት የሠራውን አይቻለሁ።

«አላውቅም» አልኋት።

«እንግዲያ እኔ ስነግርሽ» አለች። «እኔ ሳውቅ እነግርሻለሁ።» እጄን ለቅቃ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ማሳው ሄደች።

ቄሱ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ጠበቁኝ። ዳባት እስክንደርስ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዋግ፣ ዘንድሮ ስለከፋው ውርጭ አወሩልኝ። ጎንደር ስገባ ገና ቀን ነበር፤ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ሄድሁ። መብራት ነበር። ማሽኑን አብርቼ፣ ከሁለቱ ልጆች ጉንጭ ተጣርቶ የቀረውን፣ መብራቱ ሲጠፋ ያልተበላሸውን ጥቂት ናሙና አውጥቼ፣ ቱቦዎቹን ለየብቻ አስቀመጥሁና ሥራዬን ቀጠልሁ።